ለሳሙናው የተቀዳ ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የኮሌጁ ሠራተኞች አዳራሽ ተሰብስበው ጋቢ አለበሱኝና «እስቲ ዘነበች፣ ስለ ሥራ ዘመንሽ አንድ ነገር በይን» አሉኝ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም። «ዕቃ ሳጥብ ኖርኩ፤ አመሰግናለሁ» ብዬ ቁጭ አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቀልድ መስሏቸው ነው። የላቦራቶሪ ሠራተኛ አብዛኛውን ዕድሜውን ዕቃ ሲያጥብ እንደሚጨርስ የሚያውቀው ሌላ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ብቻ ነው። መለካቱማ ምን አለው፤ ያልጸዳ ዕቃ ይዞ የለካ ሁሉ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ያን ቀን ሳልናገር የቀረሁትን አሁን ልጄ ቤት ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጉለሌ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከሚፈላው በርሜል ናሙና እየቀዳሁ አልካሊው መብዛት አለመብዛቱን መመርመር ነበር ሥራዬ። አለቃዬ ግን የእኔን ምርመራ ብዙም አይጠብቅም፤ ሳሙናውን በምላሱ ጫፍ ነካ ያደርግና ከቆነጠጠው «ገና ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለነበር እበሳጭበት ነበር። እዚያ ሳለሁ አንድ ነገር በጣም ይገርመኝ ነበር። የፈላው ሳሙና ላይ ጨው ሲበተንበት ሳሙናው ከውሃው ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። «ለምንድን ነው?» ብዬ አለቃዬን ብጠይቀው «ጨው ስለጨመርንበት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅሁትም።

መንግሥት ተለወጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካው ወደ ግል ዞረ፤ ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩ። ባሌ መምህር ነው፤ በዚያው ሰሞን ወረታ ተመድቦ ስለነበር ልጄን አዝዬ ተከተልኩት። ወረታ ያኔ መንገደኛ የሚያርፍባት፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጣ የጭነት መኪና መስቀለኛው ላይ የሚደረደርባት ከተማ ነበረች። ሙቀቱን ለመድኩት፤ ወባውንም ታምሜ ለመድኩት። ያስቸገረኝ ውሃው ነው።

የደረስን ዕለት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ በጣሳ ውሃ አቀበለችኝ። አንዴ ተጎነጨሁና አስቀመጥኩት።

«ምነው፣ አልጠማሽም?» አለችኝ።

«ውሃው ጭስ ጭስ ይላል።»

አየችኝ። «ጭስ? ኧረ ወይራ ነው! ላልታጠነ ዕቃ ቀድቼ እንግዳ ላጠጣ? ምን በደልሽኝና?»

የፎገራ ሰው፣ የወረታና የዙሪያዋ ማለቴ ነው፣ የውሃ ዕቃውን፣ የወተት ዕቃውን፣ የጠላ ዕቃውን በወይራ ጭስ ያጥናል። ጽዳትም፣ ክብርም ነው። እኔ ግን ለብዙ ወራት ውሃ አፍልቼ በራሴ ጠርሙስ እያቀዘቀዝኩ ስጠጣ እትዬ ጥሩወርቅ «ያች የአዲስ አበባ ልጅ ውሃችንን ጠላች» እያለች በየቤቱ ስታማኝ ከረመች። ኋላ ግን ታረቅን። ልጄን ጠዋት ማታ የምትይዝልኝ እሷ ሆነች። ወይራውም ቀስ በቀስ ከአፌ ጠፋ፤ መቼ እንደጠፋ ግን አላውቅም።

የወረታው ኮሌጅ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። ደመወዙ ከፋብሪካው ያንስ ነበር፤ ተዉት። የላቦራቶሪው ኃላፊ የጎረቤቷ ከተማ የይፋግ ሰው፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ነጭ ካፖርታቸውን አንገታቸው ድረስ የሚቆልፉ ጋሽ አያሌው ነበሩ። ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ማጠብ ነው። ያጠብኩትን ብርጭቆ ወደ መስኮት ያነሱና የተጣራ ውሃ በውስጡ ያንሸራትቱበታል። ውሃው ሳይቆራረጥ አንድ ወጥ ሆኖ ከወረደ ዕቃው ንጹሕ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጠብታ ሆኖ ከተንጠለጠለ ግን ቅባት አለበት። ብርጭቆውን መልሰው እጄ ላይ ያስቀምጡታል። በመጀመሪያው ሳምንት ያልተመለሰልኝ ብርጭቆ አልነበረም። እቤት ገብቼ ለባሌ «ይህ ሰውዬ ሊያባርረኝ ነው» ብዬ አለቀስኩ።

ሌላው ልማዳቸው ማሽተት ነው። ማንኛውም ዕቃ ከመሞላቱ በፊት አፍንጫቸውን አፉ ላይ ደቅነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ይስባሉ። ከዚያ ወይ «ይሞላ» ይላሉ፤ ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከሩቅ የሚያያቸው ጸሎት የሚያደርሱ ይመስለዋል። ቢፒአር የሚባለው የመንግሥት የአሠራር ለውጥ የመጣ ጊዜ ሥራችሁን ደረጃ በደረጃ ዘርዝሩ ተብለን «ማሽተት» ብለው ጻፉ። አስተባባሪው ቀልድ ነው ብሎ ሰረዘው፤ ጋሽ አያሌው መልሰው ጻፉት።

እትዬ ጥሩወርቅም ኋላ ባሏ ሲሞት በኮንትራት ጽዳት ሠራተኛ ሆና እኛው ዘንድ ተቀጠረች። ለእሷ የተሰጣት ሕግ አንድ ነው፦ የላቦራቶሪ ዕቃ ሳሙና አይነካውም። የሳሙና ርዝራዥ ከብርጭቆ በቀላሉ አይለቅም። እሷ ግን ሕጉን ሰምታ አላበቃችም። «ሳሙና የምትመረምሩ ሰዎች ሳሙና ትጠላላችሁ» እያለች ታሾፍብን ነበር።

ሳሙና እንድንመረምር ያደረገን ጌትነት ነው። የወረታ ልጅ ነው፤ የኛው ተማሪ ነበር፤ ኋላ እኛው ዘንድ መምህር ሆነ። ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ሳለ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ መለኪያ ተበላሸና ሙከራውን እኛ ጋ ሊሠራ መጣ። አንዴ ጊዜ ተራዝሞለታል፤ ሁለተኛ እንደማይራዘምለት በጽሑፍ ነግረውታል። በዚያ ዓመት ካልጨረሰ ትምህርቱም ያበቃል፤ መምህርነቱም አብሮ ይሄዳል። ከውጭ አገር በአማካሪው በኩል ለምኖ ያገኛትን አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ በጥጥ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዟት ይዞር ነበር። ውስጧ ያለው አዮኒክ ሊኩዊድ ይባላል፤ ጨው ሆኖ ሳለ ውሃም እሳትም ሳያስፈልገው እንደ ዘይት የሚፈስ ነገር ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ሳሙና ጥቂት ጥቂት እያለ ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ቅንጣቶቹ ለየብቻቸው ይበተናሉ። እያንዳንዱ ቅንጣት ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሽ ጭራ አለው። ሳሙናው በዝቶ አንድ መጠን ላይ ሲደርስ ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው በክብ ይሰበሰባሉ። ስብስቡ ማይሴል ይባላል፤ ቅባት የሚያነሳውም እሱ ነው። ያ ፈሳሽ ጨው ጥቂት ቢጨመርበት ሳሙናው ቶሎ ይሰበሰባል ወይ? ከሆነስ በምን ያህል?

እኔ የፋብሪካው ጨው ትዝ አለኝና «ለምን ይሰበሰባል?» አልኩ። ጋሽ አያሌው መለሱልኝ።

«የሳሙናው ራሶች ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ኃይል ስላላቸው ይገፋፋሉ። የተጣሉ ሰዎች ድግስ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ? አይቀመጡም። መሐላቸው ሽማግሌ ሲገባ ግን ይጠጋጋሉ። ይኸ ከውጭ የመጣው ነገር ሽማግሌ ነው።»

ስንት ዓመት የጠበቅሁት መልስ ነበር። ደስ አለኝ።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ብርጭቆውን በውሃ መታጠቢያ ውስጥ አስቀምጠን ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል እንጠብቃለን፤ ወረታ ሲሞቅ ቁጥሩ ሁሉ ስለሚዋሽ። ከዚያ የሳሙናውን ውሃ ከቡሬት፣ ከቀጭኑ የመስተዋት መስፈሪያ፣ ጠብ እናደርጋለን፣ በቀስታ እናማስላለን፣ ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ እናነባለን። ንባቡ በግራፍ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር እየሠራ ይወጣል። ሳሙናው መሰብሰብ ሲጀምር መስመሩ ይሰበርና ዘንበል ብሎ ይቀጥላል። የምንፈልገው ያን ስብራት ነው። መጀመሪያ ሳሙናውን ብቻውን ለካን፤ ስብራቱ የት እንዳለ አወቅን። ቀጥሎ ጨዉን ጨምረን ስብራቱ መዘግየቱን ወይም መቅደሙን ማየት ነበር የቀረን።

በዚህ መሐል የተጣራ ውሃ የምናስቀምጥበት ትልቁ የመስተዋት ዕቃ ተሰነጠቀ። ክረምት ነው፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶታል፤ መብራት ሲመጣ ብቻ ነው ውሃ የምናጣራው፤ ስለዚህ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ከገበያ አዲስ ጄሪካን ተገዛ። ለእትዬ ጥሩወርቅ ሰጠሁና «በደንብ አጽጂው፤ ሳሙና ግን እንዳይነካው» አልኳት። በማግስቱ ንጹሕ አድርጋ፣ ክዳኑን በነጭ ጨርቅ አስራ አመጣችው። ጋሽ አያሌው አፍንጫቸውን አስጠጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በረጅሙ ሳቡ።

«ይሞላ» አሉ።

ከዚያ ለጌትነት «ዕቃው ከተለወጠ ሳሙናውን ብቻውን እንደገና እንለካዋለን» አሉት። እሱ ግን ቸኩሏል። «ጋሼ፣ ውሃው ያው ማጣሪያው ያወጣው ውሃ ነው። ጊዜ የለኝም» አለ። ጋሽ አያሌውም አዘኑለት መሰል እሺ አሉት።

ጨዉን ጨምረን ስንለካ ስብራቱ ከጠበቅነው እጅግ ቀድሞ መጣ። ጌትነት ግራፉን ብድግ አድርጎ ክፍሉን ዞረው። «ይህን ማንም አላየም! ይታተማል!» እያለ በዚያው ቀን ለአማካሪው ላከው። አማካሪውም ደስ ብሏቸው ወዲያው ደወሉ። እኔም ኮራሁ፤ ምን ልደብቅ፤ ብርጭቆውን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ።

ችግሩ የመጣው ስንደግመው ነው። ጄሪካኑ አልቆ እንደገና ሲሞላ ስብራቱ ትንሽ ራቀ። ደግሞ ሲሞላ ይበልጥ ራቀ። ያው ሳሙና፣ ያው ጨው፣ ያው እጅ ነው፤ ያ ተአምር ግን በየቀኑ ይሳሳል። ብርጭቆዎቹን ሁሉ አጠብኩ። ጋሽ አያሌው ወደ መስኮት እያነሱ አዩ፤ ውሃው አንድ ወጥ ሆኖ ወረደ። መለኪያውን ፈታነው፤ ደህና ነው። ጌትነት መብላት ተወ። ከትንሿ ጠርሙስ ሥር የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነበር። አስተዳደሩም ነገሩን ሰምቶ «ማን ነው ያበላሸው?» ማለት ጀመረ፤ እንዲህ ሲጀመር ኮንትራት ሠራተኛ ላይ እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያ መሐል የእህቴ ልጅ ተዳረች። አዲስ አበባ ሄጄ ሰነበትኩ፤ ሠርጉም መልሱም አለፈ። የተመለስኩ ጠዋት ላቦራቶሪ ገብቼ ለብርጭቆ ማለቅለቂያ ውሃ ልቀዳ የጄሪካኑን ክዳን ስፈታ አፍንጫዬን መታኝ። ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ደግሜ አሸተትኩ። በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ ወረታ የመጣሁ ቀን የጨበጥኩት ጣሳ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ! ይህ ዕቃ ወይራ ይሸታል!»

መጡ። አፍንጫቸውን አስጠጉ። ቆይተው ቀና አሉ።

«ምንም አይሸትም።»

«ኧረ ይሸታል! ደግመው ይሞክሩት።»

ደግመው ሳቡ። ግራ ገባቸውና የአሞኒያውን ጠርሙስ ከፍተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አፍንጫቸው ደህና ነው። ወደ ጄሪካኑ ተመልሰው ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ።

«ዘነበች» አሉኝ በመጨረሻ፣ በቀስታ፣ «ይኸ እኮ ውሃ ውሃ ነው የሚሸተው።»

ጌትነትም አሸተተ። እሱም ምንም አልሸተተውም። ይፋግና ወረታ የተወለደ ሰው ወይራ ያልሸተተው ውሃ መቼ ጠጥቶ ያውቃል? እኔም ከእነሱ ጋ ስኖር እንደነሱ ሆኜ ነበር፤ አዲስ አበባ ሰንብቼ ባልመጣ ኖሮ እስከ ዛሬ ብርጭቆ ሳጥብ እኖር ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ተጠራች። ምን እንዳደረገች ስንጠይቃት አልደነገጠችም።

«አጥኜዋለሁ እንጂ! ሳሙና አታስነኪ አላችሁኝ። ዕቃው አዲስ ነው፣ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ሳሙና ኸተከለከለ በምን ላጽዳው? ለዚህ ልጅ ትምህርት ነው ብላችሁኝ ደኅናውን ወይራ መርጬ፣ ሦስቴ ነው ያጠንኩት።»

ጋሽ አያሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጭሱ ጄሪካኑ ላይ ይጣበቃል፤ ከውሃው ጋር ጥቂት ጥቂት ይለቃል፤ ውሃው በተለወጠ ቁጥር ይቀንሳል። ሳሙናውን ያሰባሰበው በአብዛኛው ጨዉ ሳይሆን ጭሱ ነበር ማለት ነው። ይህ ሲገባት እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ልጁን አጠፋሁት?» አለች። ጌትነትን ሕፃን ሆኖ ታውቀዋለች፤ እናቱ ጎረቤቷ ናት።

ጌትነት መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ሁላችንም የሚያስበውን እናውቅ ነበር። ያ የሚያምር ግራፍ አማካሪው እጅ ላይ ነው፤ ተወዷል። አሁን ዝም ብሎ ቢጽፈው ይመረቃል፤ ወይራ የሚባል ቃል በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው የለም። እንደገና ቢሠራ ግን ያለችው አንድ ሙከራ ናት፤ ከተበላሸች ሁሉም ነገር አለቀ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ «ተወው፣ አስገባው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ አያሌውን አየኋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«አሁን እኮ አወቅሁ» አለ ጌትነት ሳይዞር። «ምን አድርጌ እፈርምበታለሁ?»

ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊታችን ለአማካሪው ደወለ። ግራፉ ስሕተት ነው፤ ዕቃው ታጥኖ ነበር አላቸው። «ታጥኖ» የሚለውን ደጋግሞ አስረዳቸው። ሰውየው ብዙ ተቆጡ፤ የሰማነው የእሱን «እሺ፣ ይገባኛል» ብቻ ነው።

ከጤና ጣቢያው የመስተዋት ዕቃ ተዋስን። መብራት ሲመጣ ሮጠን ውሃ እናጣራለን። ጋሽ አያሌው ማሽተቱን ለኔ ሰጡኝ። «የኔ አፍንጫ ለዚህ አይሆንም፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ» አሉኝ። የሚቀልዱ መስለው ነው የተናገሩት፤ ግን ያን ቃል ሲናገሩ እንዴት እንደከበዳቸው አይቻለሁ። እኔም ወይራ እንዳልለምድ ያን ሰሞን ውሃ ከቤቴ አፍልቼ ጠጣሁ፤ እንደ ድሮዬ።

መጀመሪያ ሳሙናውን ብቻውን ለካን። ስብራቱ የድሮው ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ጌትነት ትንሿን ጠርሙስ ገለበጠ፤ እስከ መጨረሻዋ አንጠፈጠፈ። አንድ ጠብታ፣ ንባብ፤ አንድ ጠብታ፣ ንባብ። ጋሽ አያሌው ያነባሉ፣ ጌትነት ነጥብ ያደርጋል፣ እኔ አማስላለሁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ወጣ፤ ከዚያ ተሰበረ። ከሳሙናው ቀድሞ ነው የተሰበረው። ብዙ አይደለም፤ ትንሽ ቀድሞ። ግን ቀድሟል።

«መጣች» አሉ ጋሽ አያሌው። ጌትነት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። ጌትነት እንዲገባት አድርጎ ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አሳያት። እሷ የመጀመሪያውን አየች፤ ሁለተኛውን አየች።

«ታዲያ የኔ ጭስ ኸውጭ አገር ኸመጣው መድኃኒት በልጦ ነበር በሉኛ!» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን መሳቁን ይተወዋል። ጋሽ አያሌው ካፖርታቸውን ፈትተው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። በአስተዳደሩ ግምገማ ላይ ጥፋተኛው ማነው ሲባል «አሽትቼ ይሞላ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጻፉ» አሉና ተቀመጡ። ማንም አልጻፈም። እትዬ ጥሩወርቅ እስክታረጅ እዚያው ሠራች።

ጌትነት ተመረቀ። የሚታተም ነገር አላገኘም፤ ውጤቱም መካከለኛ ነው። አማካሪው ለረጅም ጊዜ ቅር እንዳላቸው ቆዩ። ጌትነት ዛሬ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ጋሽ አያሌው ጡረታ በወጡ በጥቂት ዓመት ይፋግ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ተገኝተናል። እሳቸው ከወጡ በኋላ ማሽተቱ እስከ ጡረታዬ የኔ ሥራ ሆኖ ቀረ።

አሁን አዲስ አበባ ልጄ ቤት ነኝ። የቧንቧው ውሃ ባዶ ሆነብኝ። ስንት ዓመት ከጭስ ስከላከል የኖርኩ ሴትዮ ባለፈው ለእትዬ ጥሩወርቅ ደውዬ ወይራ ላኪልኝ አልኳት። ከሳቀች በኋላ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ማንቆርቆሪያውን በረንዳ ላይ ሳጥን ልጄ «እማዬ፣ ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሎት እኮ ነው» ብላ ተቆጣችኝ።

ባለፈው ሳምንት ጌትነት ለስብሰባ መጥቶ ሊጠይቀኝ ገባ። ጸጉሩ ሸብቷል። ከዚያው ከታጠነው ማንቆርቆሪያ ውሃ ቀዳሁለት፤ ምንም አልነገርኩትም። ብርጭቆውን ተቀበለ፤ ከመጠጣቱ በፊት አፍንጫውን አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ በረጅሙ ሳበ። ልማዱ የጋሽ አያሌው መሆኑን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ምን ይሸታል?» አልኩት።

ዓይኑን ሲገልጥ ፈገግ ብሎ ነበር።

«ውሃ» አለኝና ጠጣው።